ሰው ሳልጭን የከረምኩበት ስድስት ወር

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ የተፈተንኩ ቀን የወደቅሁት በጨዋነቴ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። ሞተሩን አስነስቼ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጬ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፈታኙን እጠብቃለሁ። ገና ገብተው ሳይደላደሉ ተነስቼ ለመሄድ ነበር ጥድፊያዬ። በሩን የከፈቱት ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ያሳደገኝ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበልን እንደ ነውር የሚቆጥር አባት ነው። "ኖር" ብዬ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እግሬ ከፍሪሲዮኑ ተነሳ። መኪናዋ እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ፊት ዘለለች፤ ከፊቷ ከተደረደሩት በርሜሎች ሁለቱን ገልብጣ ሞተሯ ጠፋ። ፈታኙ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ ሆኖ በሩን እንደያዙ ቀሩ።

"ልጄ፣ አክብሮትሽን ተቀብያለሁ፤ መንጃ ፈቃዱን ግን አልሰጥሽም" አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

መንዳት ያስተማረኝ አንጋፋ ሹፌር ይህን ሲሰማ ለአንድ ሳምንት ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ቆጣ ብሎ መከረኝ። እንኳን ፈታኝ፣ ንጉሥ ቢገባ መሪ የያዘ ሰው ከመቀመጫው አይነሳም አለኝ። ንጉሥ የሚለውን ቃል ድምፁን ቀንሶ ነው የተናገረው፤ ዘመኑ የደርግ ነበርና። በሁለተኛው ፈተና ላይ ያው ሽማግሌ ሲገቡ መቀመጫዬን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ አንገቴን ብቻ ዝቅ አደረግሁ። አለፍኩ።

እንዴት ሹፌር ለመሆን እንደበቃሁ ልናገር። ኮልፌ ውስጥ በአንድ የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ክር አጠነጥን ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጨለማ ጥግ ላይ ተቀምጬ ክር ሳጠነጥን ጉልበቴም ጀርባዬም የአሮጊት ሆኖ ነበር። ማኅበሩ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ከሳንሱሲ በኩል ካለው መጋዘን ድርና ማግ ታመጣለች፤ የተሸመነውን ጋቢና ነጠላ ደግሞ ጦር ኃይሎች ወዳለው መሸጫ ታደርሳለች። አንጋፋው ሹፌር ዓይናቸው... አይ፣ እሱን አንቱ ስለው ይቆጣ ስለነበር አንተ እያልኩ ልቀጥል። ዓይኑ ደከመና ተተኪ ይምረጥ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን ስብሰባ የማይጠራበት ነገር አልነበረም፤ መጥረጊያ ለመግዛት እንኳ እጅ አውጥተን ድምፅ እንሰጥ ነበር። ሸማኔዎቹ የሚያገኙት በሸመኑት ልክ ስለነበር ማንም ከሸማው መነሳት አልፈለገም። ዝም ሲባል እኔ እጄን አወጣሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሲስቁብኝ እልኸኛ ነኝ፤ ያወጣሁትን እጅ አላወርድም አልኩ። ሌላ ሰው ጠፋና ተመረጥኩ።

ፈቃዱን ይዤ ስመለስ ደግሞ ሌላ ስብሰባ። ፈቃዱን የሰጠኝ ሰውዬ ራሱ ለስድስት ወር ለማጅ ነሽ፣ ተጠንቅቀሽ ንጂ ብሎኝ ነበር። ማኅበሩ ይህን ይዞ የራሱን ጨመረበት። "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ ከፊትና ከኋላ ይለጠፍ። ከከተማ ጫፍ እንዳታልፍ። ሳይመሽ ትግባ። ይህን ሁሉ እሺ አልኩ፤ ምን ቸገረኝ። የመጨረሻውን ሊቀመንበሩ ራሱ ተነስቶ አነበበው። ለሥራ ከታዘዘ የማኅበሩ አባል በቀር ስድስት ወር እስኪሞላ አንድም ሰው መጫን ክልክል ነው፤ ሰው ጭና የተገኘች ቀን መሪውን አስረክባ ወደ ክር ማጠንጠኛዋ ትመለሳለች። ንባቡን ሲጨርስ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ የሴት ልብ ለስላሳ ነው፣ ይህቺ መንገድ ላይ ያየችውን ሁሉ ሳትጭን ስድስት ወር አትሞላም አለ። ያቺ ጥግ በዓይኔ ላይ መጣች። እንኳን ሰው ዝንብ አልጭንም ብዬ በልቤ ማልኩ።

መሐላው ቀላል ነበር። አገሩ ነው የከበደው። አንጋፋው ሹፌር በሃያ ዓመት ሥራው የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ሽማግሌ ካየ ይቆማል፣ ሸክም የያዘች ሴት ካየ ይቆማል፣ ለቅሶ የሚሄድ ካየማ ከድሩ በላይ ሰው ይከምራል። ፒክአፗ የማኅበሩ ትሁን እንጂ ሰፈሩ የራሱ ያህል ነው የሚያያት። ደግሞም እኛ ዘንድ ባዶ መኪና ይዞ፣ ጉልበት የከዳውን ትልቅ ሰው በእግሩ ሲሄድ እያዩ ማለፍ ስድብ ነው። ከስድብም የባሰ ነው፤ ስድብ እንኳ መልስ ይሰጡታል።

ታዲያ ክልከላ እንዳለብኝ ለምን አልተናገርኩም? ጉራዬ ነዋ! መንጃ ፈቃዱን የያዝኩ ዕለት ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ሊመርቀኝ ቤታችን ተሰበሰበ። የኮልፌ ሴት ሹፌር እየተባልኩ፣ እልል እየተባለልኝ፣ አንዱ መኪናዋ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ገና ለማጅ ነኝ፣ ሰው መጫን አይፈቀድልኝም ብል ምን ነበረበት? አፌ እምቢ አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰሌዳው የመኪናዋ እንጂ የእኔ አይደለም፣ ወደፊት ሌሎች ልጆች ስለሚማሩባት ነው አልኩ። አባቴም ከሰው መሀል ተቀምጠው ይህንን ሰሙ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፤ ከጎጃም በወጣትነታቸው መጥተው ኮልፌ ያረጁ፣ የእድራችን ዳኛ፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። ለእሳቸውም እውነቱን አልነገርኩም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን በነጋታው ከበደኝ።

በነጋታው ረቡዕ ነበር። በር ለበር የምንጎራበታቸው እማማ ረቡዕ ረቡዕ ሳንሱሲ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ፌርማታው ጋ ዘንቢላቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን አነሱ። እኔ አንገቴን ሰብሬ ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኩ። እጃቸው እንደተነሳ መቅረቱን አየሁ።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። አንድ ቀን የንስሐ አባታችንን፣ አንድ ቀን ከሕመም የተነሱ ሽማግሌን፣ አንድ ቀን ሁለት ማድጋ ያዘለችን ሴት አለፍኩ። አንዳንዴ ሰው ከሩቅ ሳይ ወደ ሌላው ወገን የማይ እመስላለሁ፤ ሌላው ወገን ላይም የማውቀው ሰው ቆሞ አገኛለሁ። ሰፈሩ ስም አወጣልኝ። መሪ ስትይዝ ዓይኗ ጠፋ አሉኝ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልገዛ ስሰለፍ ከኋላዬ ያለችው ሴት፣ ለጓደኛዋ እየተናገረች ለእኔ፣ ሳይማሩ የሾሙት እንዲህ ነው አለች። ዞሬ አፏን ላስይዛት እችል ነበር፤ ምላሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ምን ልበላት? አንዷን ውሸት ለማስረዳት ሁለተኛ ውሸት ያስፈልገኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስኳሬን ይዤ ገባሁ። ወሩን ሙሉ አንገቴን እንደ ደፋሁ ነዳሁ። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች መታጠፊያው ላይ ከፊቴ የቆመውን ጋሪ ያየሁት ክንድ ያህል ሲቀረኝ ነው።

እንዲህ እያለ በሁለተኛው ወር ነገሩ በራሱ በረደ። ይሰድቡኝ የነበሩት ሴቶች አይዞሽ ልጄ፣ በርቺ ማለት ጀመሩ። እማማ እንኳ ፌርማታው ላይ ቆመው ሳልፍ እጃቸውን ሳያነሱ በአንገታቸው ሰላም ይሉኛል። እፎይ አልኩ። ሰው ይለምዳል፣ ረሱት ማለት ነው አልኩ። በዚያው ሰሞን አባቴ የእድሩን ዳኝነት ተዉ። ምነው ብላቸው ጉልበቴ ስብሰባ አልችል አለ አሉኝ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሰው ጋር ቆመው ያወሩ የነበሩት ቀጥ ብለው ወደ ቤት መግባት ጀመሩ። እርጅና ነው ብዬ ጉልበታቸውን ቅባት አሸሁላቸው።

ፈቃዱን ያገኘሁት በመጋቢት ነው። ነሐሴ ሲገባ ሊሞላልኝ ሳምንታት ብቻ ቀሩኝ። አንድ ከሰዓት ከመጋዘን ድር ጭኜ፣ ድሩን በሸራ ሸፍኜ ስመለስ ሰማይ ተቀደደ። መጥረጊያው ዝናቡን አላሸንፍ ብሎ መስታወቱ ላይ ይንከላወሳል። ኮልፌ ፌርማታው ጋ ስደርስ አውቶቡስ የጠፋበት ሰው ታጭቆ ቆሟል፤ አብዛኛው የእኛው ሰፈር ሰው ነው። ከፊት፣ ጋቢያቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ የተለጠፈ፣ ከዘራቸውን የተደገፉ አባቴ ቆመዋል። አጠገባቸው እማማ።

እግሬ ራሱ ፍሬን ረገጠ። የፈለገው ይምጣ፣ ክር አጠነጥናለሁ አልኩ። አባቴን ዝናብ ላይ ጥዬ አልፌ ከማገኘው መሪ ያቺ ጥግ ትሻለኛለች። መኪናዋን አቁሜ የጋቢናውን በር ልከፍት እጄን ስዘረጋ አባቴ ወደ ፊት መጡና በከዘራቸው ኮፈኑን ድው አደረጉት።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ብያለሁ!"

ያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ጮኸውብኝ አያውቁም ነበር። ደነገጥኩ። ፊታቸውን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። በሰው ፊት ካደችኝ ያሉ መሰለኝ፤ እስከዛሬ ያልጫንሽኝ ዛሬ ምን ይሁነኝ ብለው የተቀየሙ መሰለኝ። ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ። ዝናቡ ውጭ ብቻ አልነበረም።

ሁለት የመብራት እንጨት ያህል እንኳ አልሄድኩም። መታጠፊያው ላይ ካለው ሱቅ ታዛ ስር ሊቀመንበሩ ጃንጥላውን ይዞ ወጣና እጁን ዘረጋ። ቆምኩ። ጋቢናውን አጎንብሶ አየ። ዞሮ ከኋላ ሸራውን ገለበጠና አየ። ከድር በቀር ምንም አልነበረም። እዚያ ቆሞ ፌርማታውን ሲያይ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ጫማው ግን በደንብ ርሶ ነበር። ደህና ነው፣ ሂጂ አለኝ፤ ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ከታጠፍኩ በኋላ ዳር ይዤ ቆምኩ። ተመስገን አልኩ፤ ደግሜ ደጋግሜ ተመስገን። አባቴ ሲቆጡ ያዳኑኝ በአጋጣሚ ነው ብዬ አሰብኩ። ማታ ግን ሁለታችንም ተኮራርፈን፣ ሳንነጋገር በላን።

ስድስት ወሩ የሞላው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ስብሰባ ተጠራ፤ ሊቀመንበሩ ያለ አንዳች እንከን ጨርሳለች ብሎ አነበበ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ ይሁን፣ የእኔ ለሁለታችንም ይበቃ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንጋፋው ሹፌር ሁለቱን ሰሌዳዎች በራሱ እጅ ነቀላቸው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ እሱ ነሽ፣ መንገድሽ ላይ ያለውን ሰው ብትጭኚ የሚጠይቅሽ የለም አለኝ። ከግቢው ስወጣ መኪናዋ ራሷ የቀለላት ይመስል ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ ልጭን ቸኩያለሁ።

ቀኑ ረቡዕ ነበርና እማማ ከነዘንቢላቸው ቆመዋል። ፊታቸው አቁሜ በሩን ከፈትኩላቸው። አልገቡም። ግራ ቀኝ አዩ።

"አባትሽ ፈቀዱልሽ?"

"አባቴ ምኑን ነው የሚፈቅዱልኝ?" አልኳቸው።

እየተጠራጠሩ ገቡ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው ቀስ እያሉ የነገሩኝ። ለካ በሚያዝያ የእድር ስብሰባ ላይ ሰው ተነስቶ ይህቺ ልጅ ናቀችን፣ ዳኛው ልጃቸውን ይምከሩ ብሎ ነበር። አባቴ ተነሱና፣ ልጄን ለቀቅ አድርጓት አሉ። ሰው እንዳትጭኚ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፣ እሷማ ልጫን ብላ ለምናኝ ነበር፣ መኪናዋ እንዳትጎዳባት ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ ፊታችሁን የምታዞሩ ከሆነ ወደ እኔ አዙሩ አሉ።

"እኛም አዞርን" አሉኝ እማማ። "ለጎረቤቱ የማይራራ ሰው ቀብራችንን አይዳኝም ብለን ዳኝነቱንም ወሰድንባቸው። ያን ቀን በዝናብ እንኳ ልትጭኚን ስትቆሚ በከዘራ አባረሩሽ። ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ነው እያልን ስንረግማቸው ነው የዋልነው።"

መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ሁሉንም እዚያው ነገርኳቸው፤ ስብሰባውን፣ ክልከላውን፣ የሰሌዳውን ውሸት፣ ከሱቁ ታዛ ስር የወጣውን ሊቀመንበር። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሰሙኝ። ሲያበቃ ለአባትሽ ነግረሽ ሰፈሩን አስታርቂ፣ እኔም እመሰክራለሁ አሉኝ። ሳንሱሲ አድርሻቸው ወደ ቤት የተመለስኩት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም።

አባቴ በረንዳው ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እግራቸው ስር ቁጭ አልኩና፣ እማማ ነግረውኛል አልኳቸው። መጽሐፉን አጠፉት።

"ክልከላ እንዳለብኝ ማን ነገርዎት?"

"ሹፌሩ በሳምንቱ ነገረኝ። ባይነግረኝስ? ዳዊት የሚደግም ሰው ለማጅ የሚለውን ማንበብ ያቅተዋል?"

"ታዲያ እኔ የሠራሁትን ጥፋት ለምን ወሰዱብኝ?"

የተቆጡ አይመስሉም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስላሉ፣ ስድስት ወሩ በማለቁ።

"አንገትሽን ደፍተሽ ስትነጂ አየሁሽ" አሉ። "አንገቱን የደፋ ሹፌር መንገድ አያይም። እኔ መኪና አልነዳ፤ አንገቴን ብደፋ ማንን እገጫለሁ?"

አለቀስኩ። እያለቀስኩም በአባባላቸው ሳቅ አመለጠኝ። ምነው ታዲያ ማወቅዎን አልነገሩኝም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለብቻዬ ስቃጠል አልኳቸው። እሳቸውም፣ "አንቺስ ነገርሽኝ?" አሉኝ።

በእሁዱ የእድር ስብሰባ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ከሴት ልጅ ይህ የተለመደ አልነበረም። ለማጅዋ እኔ ነበርኩ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ አባቴ ምንም አላዘዙኝም አልኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ይህቺን ለመናገር ስድስት ወር ፈጀብሽ ልጄ አሉና ሳቅ ሆነ። ሲስቁብኝ ያልተናደድኩበት ብቸኛ ቀን ያ ነው። ከላዬ ላይ የድር ቁልል የወረደልኝ ያህል ተነፈስኩ። ዳኝነቱን ይመለሱበት ሲሏቸው አባቴ እምቢ አሉ፤ ጉልበታቸው እውነትም አሟቸው ነበርና።

በቀጣዩ ረቡዕ ጠዋት ሳንሱሲ ስሄድ አባቴን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፌርማታው ጋ ሳንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያገኙትን ሰው ሁሉ ግቡ፣ ግቡ ይሉ ጀመር። እኔ ከማቆሜ እሳቸው መጥራታቸው ይቀድም ነበር። የኋላው ሞላ። እማማ ደግሞ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲመጡ አባቴ ምን ብል እምቢ ብለው ጋቢናውን ለቀውላቸው ከሰው ጋር ከኋላ ወጡ። መኪናዋን አስነሳሁ። ስፖኪዮው ውስጥ አየኋቸው፤ ወራት ሙሉ ሰላምታ ከነፈጓቸው ሰዎች መሀል ተቀምጠው ያወራሉ። ስኳር ሰልፍ ላይ የሰደበችኝ ሴት እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ይዛለች። ደጋግሜ ላያቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን መንገዱ ላይ ሰው ነበረና ዓይኔን ወደ ፊት መለስኩ።